ማስሎው ወይስ ማክሌላንድ? ሠራተኛን ለማነቃቃት የትኛው ይሻላል

የሠራተኞቹ ወኔ የቀዘቀዘበት ኃላፊ ከሁለቱ የፍላጎት ንድፈ ሐሳቦች የትኛውን ይያዝ?

መነሻ፦ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. የሰውን ፍላጎት በአምስት ደረጃ አስቀመጠ፤ ከምግብና ከደኅንነት ተነሥቶ በፍቅርና በክብር አልፎ ራስን እስከ ማብቃት፣ ማለትም ያለንን ችሎታ ሁሉ እስከ መጠቀም። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ደረጃውን ትቶ ሦስት ፍላጎቶችን ያዘ፦ ስኬት፣ ወዳጅነት፣ ሥልጣን። ሦስቱም በሁላችንም ውስጥ አሉ፤ የሚለየን የትኛው ማየሉ ነው።

ቅለት፦ ማስሎው ይቀድማል። ደመወዙ ወር የማይደርስለትን ሠራተኛ በምስክር ወረቀት ማነቃቃት እንደማይቻል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ማክሌላንድ ግን እያንዳንዱን ሰው ማጥናትን ይጠይቃል፤ እርሱ የትኛው ፍላጎት እንደሚያይልባቸው ለማወቅ ሰዎችን ሥዕል እያሳየ ታሪክ ያስፈጥራቸው ነበር።

ስጋት፦ ማስሎውን እንደ መሰላል የሚያነቡ ይሳሳታሉ። አብዛኛው ሰው በየደረጃው በከፊል ብቻ እንደሚረካ ራሱ ጽፏል። ድሃም ክብሩን ይፈልጋል፤ ይህን የሚዘነጋ አሠሪ ያሳዝነኛል። የማክሌላንድ ስጋት ሰውን በአንድ ፍላጎት መፈረጅ ነው።

ለቡድን፦ እዚህ ላይ ማክሌላንድ ይበልጣል ባይ ነኝ። በ1960ዎቹ በህንድ ካኪናዳ ከተማ ነጋዴዎችን ሰብስቦ የስኬት ፍላጎትን የሚያጎለብት ሥልጠና ሰጠ፤ ከሠለጠኑትም ብዙዎቹ ንግዳቸውን አስፋፉ። ለመሪም ከመወደድ ፍላጎት ይልቅ ለተቋሙ ጥቅም የሚውል የሥልጣን ፍላጎት እንደሚበጅ ተከራክሯል።

ደመወዝ፣ የሥራ ዋስትና ወይም የሥራ ቦታ ደኅንነት ሲጓደል ከማስሎው ይጀመር። እነዚህ ተሟልተው ማን ሽያጩን ይያዝ፣ ማን ደንበኛ ያስተናግድ፣ ማን ቡድኑን ይምራ ሲባል ማክሌላንድ ይሻላል።