ባለ ክንፉ የመቁረጫ ጠረጴዛ፦ ከአሥር ወርና ከአንድ የደሴ ክረምት በኋላ

ስለዚህ ጠረጴዛ ለመጻፍ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት ጠብቄያለሁ። በበጋ ሁሉም የቤት ዕቃ ያምራል፤ ደሴ ላይ ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያሠራሁት የመቁረጫ ጠረጴዛ እነሆ አሥር ወር ሞላው። የጥምቀትን፣ የኢድን፣ የመውሊድንና የእንቁጣጣሽን የልብስ ትዕዛዝ በሙሉ የቆረጥኩት እርሱ ላይ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከስፌት መኪናዬ ቀጥሎ ለሥራዬ እንዲህ የጠቀመኝ ዕቃ የለም። የታችኛው አካሉ ግን ለደሴ አየር አልተሠራም፤ ዳግም ባዝዘው እንዳለ አላሠራውም።

ክፍሌ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ሊሾ ነው፤ በምሥራቅ በኩል አንድ መስኮት አላት። በእግር የሚሠራው ሲንጀር የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ይቆማል፤ እናቴም የአለላ ስፌቷን የምትሠራው እዚያው ጥግ ላይ በርጩማዋን ስባ ነው። ቦታ ስለማይበቃ ሲያስፈልግ የሚዘረጋ፣ ሥራ ሲያልቅ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ፈለግሁ። ሲዘረጋ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ክንፎቹ ሲወርዱ የሚቀረው የ40 ሴንቲ ሜትር አካል ብቻ ስለሆነ ግድግዳ ተጠግቶ ይቆማል። በዚህ አካል በአንዱ ፊት ሦስት መሳቢያዎች፣ በሌላው ፊት ሁለት ክፍት መደርደሪያዎች አሉ። አካሉ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ፣ ገጹ ነጭ ፎርማይካ፣ መሳቢያዎቹ ደግሞ የግራቪሊያ ጣውላ ናቸው። 21,000 ብር ከፈልኩ፤ ማጓጓዣው 1,500 ብር ሆነ።

ትዕዛዙን ልሰጥ የሄድኩ ዕለት የጠየቅሁት የምግብ ጠረጴዛ ያህል ከፍታ እንዲኖረው ነበር፤ ይህም 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። አናጢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው።

«ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ የምትቆርጪው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ቆሜ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ ቀጥ በዪና ክንድሽን ከክርንሽ ላይ እጠፊልኝ።»

ሜትራቸውን ከወለሉ እስከ ክርኔ ዘረጉት፤ 103 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ላይ 13 ቀንሰው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። «ጨርቁም ውፍረት አለው፣ መቀሱም ከፍታ አለው፤ እጅሽ ትከሻሽን ሳያነሣ ይሥራ» አሉኝ። ስለ ጉድለቱ የምለው ብዙ ቢሆንም ለዚያች የእርሳስ ምልክት ዕድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ በፊት የምቆርጠው አልጋ ላይ ነበር፤ ረጅም ጨርቅ ሲሆን ደግሞ ወለሉ ላይ ሰሌን አነጥፋለሁ። ተንበርክኮ መቁረጥ ጉልበትን ይጎዳል፣ ጎንብሶ መቁረጥ ወገብን። አሠራሩንም ያበላሻል፤ አልጋው ስለሚሰረጉድ ጠመኔው መሥመር አይጠብቅም፣ ሁለቱ እጅጌዎች እኩል አይወጡም። ወገቤን እያሻሸሁ የተኛሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ጥር ላይ ለጥምቀት በአንድ ቀን ሰባት ቀሚስ ቆርጬ ማታ ወገቤን ሳልይዝ እራት ሠራሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ለሰፊ የቀጠሮ ቀን ነው፤ ከጥር 10 ማታ ወዲያ የሚደርስ ልብስ ባለቤት የለውም። ያን ሳምንት ያለ ሕመም ማለፌ ብቻውን ገንዘቡን መልሶልኛል።

ወርዱም በቂ ነው። ገበያ ላይ የማገኘው የፋብሪካ ጨርቅ አብዛኛው ከ110 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ሰፊው እንኳን ለሁለት ሲታጠፍ 75 ይሆናል፤ የቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ለመቀስ፣ ለሜትርና ለጠመኔ ማረፊያ ይበቃል። በርዝመቱ በኩል አንድ ሙሉ ጀለቢያ ሳይንጠለጠል ይተኛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጨርቅ ከጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል በክብደቱ የተቀረውን ይስበዋል፤ በተለይ የሚያንሸራትት ጨርቅ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ድርብ ይለያያሉ፤ ልብሱም ከታጠበ በኋላ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ደንበኛ የሰፊውን እጅ ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የጠረጴዛው ማጠር መሆኑን አያውቅም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ደሴ ከኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን ሽቅብ 600 ሜትር ያህል ትወጣለች። እዚያ ቆላ ቀመሱ አየር ላይ ደርቆ የተገጠመ እንጨት የጦሳ ተራራ ጉም የሚወርድበት ቤት ሲገባ ሌላ ባሕርይ ያወጣል። በልግ ላይ ምንም አላየሁም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን መካከለኛው መሳቢያ አልከፈት አለ። ግራቪሊያው እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነበር። ኃይል ተጠቅማችሁ አትሳቡት፤ እኔ ስቤ እጀታውን ነቅያለሁ። መፍትሔው ጎኑንና ታቹን በሻማ ሰም ደጋግሞ ማሸት ነው፤ በዚያው ዕለት እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ከእንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ሦስቱንም በሰም አሻቸዋለሁ።

የቺፑዱ ነገር ግን በሰም አይድንም። ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። ፎርማይካው ገጹን ከውኃ ይጠብቃል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ካልተሸፈነ ግን እንደ ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣል። የእኔ ጠረጴዛ የሚታዩት ጠርዞች በሙሉ ተሸፍነዋል፤ ወለሉን የሚነካው ግን ማንም አያየውም ተብሎ ባዶውን ቀርቷል። እኔ ደግሞ ሊሾውን በየሁለት ቀኑ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የሁለቱ ጎኖች ግርጌ አንድ ጣት ያህል ከፍታ ድረስ ተነፍቶ ፎርማይካው ተላቀቀ። ቺፑድ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። አናጢው የሚሠሩት በሞቃቱ ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ ግን የደሴ ሰው ሆኜ ሳለሁ ግርጌውን አጎንብሼ አለማየቴ ይቆጨኛል። የምትገዙት ዕቃ ቺፑድ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አስገልብጡትና ታቹን እዩ።

የክንፎቹ ማጠፊያም ሚያዝያ ላይ ላልቶ ነበር። ክንፉ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ቺፑድ ደግሞ ብሎን አጥብቆ የመያዝ ዐቅም የለውም። ላልቶ የወጣ ብሎን እዚያው ቀዳዳ ላይ ቢመለስ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሬ ቀዳዳውን ሞላሁት፣ አንድ ሌሊት አደረቅሁት፣ ከዚያ ብሎኑን መለስኩ። እስከ ዛሬ ይዟል።

ስለ መሳቢያዎቹ ሦስቱም መልካም ናቸው ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የታችኛው ጥልቅ ስለሆነ ውስጡ ያስገባሁት ሁሉ ይጠፋ ነበር። አሁን የማኖርበት የልብስ ቅርጽ የሚወጣባቸውን የቅድ ወረቀቶች ብቻ ነው፤ በልኬት ቅደም ተከተል እንደ መጽሐፍ አቁሜያቸዋለሁ። መካከለኛው የዚፕና የቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹ በብስኩት ቆርቆሮ ተለይተው ይቀመጣሉ። የላይኛው ስስ ነው፤ ከሁሉ የምወደውም እርሱን ነው። የጨርቅ መቀስ፣ የወረቀት መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ መርፌ፤ ሌላ ነገር አይገባበትም። ሁለቱን መቀሶች በቀይና በጥቁር ክር ለይቻለሁ፤ ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅ ያኝካል። የመኪና መርፌዎቹን በቁጥር ከፋፍያለሁ፦ 11 ለስስ ጨርቅ፣ 14 ለመካከለኛ ጥጥ፣ 16 ለጂንስና ለወፍራም። ተደባልቀው በነበረ ጊዜ በ16 ቁጥር መርፌ ስስ ሻርፕ ሰፍቼ ጠርዙን በቀዳዳ ሞልቼዋለሁ፤ ለባለቤቷ አዲስ ገዝቼ ተካሁ። የመኪና ዘይት መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ ከሲንጀሩ እግር አጠገብ በቆርቆሮ ሳሕን ላይ ለብቻው ይቆማል።

ከጠረጴዛው ጋር አብሬ ያሠራሁት የክር መስቀያ ግን አላስደሰተኝም። ስልሳ የክር ጥቅል የሚይዝ፣ ሚስማር የተደረደረበት ሰሌዳ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ከነክሩ ወረደ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ውስጡ ያሉትን ቋሚዎች ፈለግሁ፤ ድምፁ ደረቅ ሲሆን እንጨቱ እዚያ አለ። ሁለት ቋሚ ላይ ከመታሁት በኋላ አልወደቀም። ሁለተኛው ችግር ፀሐይ ነው። የጠዋቱ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚያገኘው ቀዩና ሐምራዊው ክር በአንድ በኩል ነጣ፤ ለጥልፍ ስጠቀምበት አንዱ ቅጠል ደማቅ፣ ሌላው ፈዛዛ ሆነብኝ። አሁን ሰሌዳው ላይ ያሉት በየቀኑ የሚያልቁት ነጭና ጥቁር ክሮች ናቸው። የጥልፍ ክሮቼ ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። የክር መስቀያ ለዓይን ያምራል፤ ከመስኮት ፊት ለፊት ካልሆነ ግድግዳ በቀር ግን አልመክረውም።

ክፍት መደርደሪያዎቹን ከእናቴ ጋር ተካፍለናል። የላይኛው የእርሷ ነው፤ ስንደዶው፣ አክርማው፣ ወስፌዋና የተነከረው አለላ። አለላውን በየቀለሙ በአቡጄዲ ትጠቀልለዋለች፤ ቀለሙን ብርሃን እንደሚበላው ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር። የክሬን መንጣት ባየች ጊዜ «ጠይቀሽኝ ቢሆን» አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። አክርማ ሲሰፋ እንዳይሰበር በውኃ ይርሳል፤ የረጠበውን እዚያው መደርደሪያ ላይ ታሳድረው ነበር። ቺፑዱን ካየነው በኋላ በሰፌድ ላይ አድርጋ በርጩማዋ ሥር ታኖረዋለች።

ካውያን በተመለከተ ፎርማይካው ላይ በቀጥታ አትተኩሱ፤ ሙቀቱ ኮላውን ያላቅቀዋል። እኔ ለሁለት የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስና በላዩ አቡጄዲ እዘረጋለሁ፤ እስካሁን አንድም ቦታ አልተነሣም። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ እሠራለሁ፤ ነገር ግን ከሰሉን የማቀጣጥለውም የምተኩሰውም በረንዳ ላይ ነው። ጢሱ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል፤ ፍንጣሪውም ጨርቅ ይበሳል።

የክፍሉ አደረጃጀት ዋጋው የታየኝ በ2017 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። መውሊድና እንቁጣጣሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋሉ። ለወትሮው የተራራቀ ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ጀለቢያውም፣ የልጆች ነጭ ቀሚሱም፣ የጥልፍ ሻርፑም። ከበፊቱ የተማርኩት አንድ ዘዴ አዳነኝ፦ አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ከረጢት። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ዚፑና ልኬቱ የተጻፈበት ወረቀት በአንድ የአቡጄዲ ከረጢት ይገባሉ፤ የተቀጠረበት ቀን አፉ ላይ በስፒል ይያያዛል። ከረጢቶቹ በታችኛው መደርደሪያ በቀጠሮ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ከቀኝ አንሥቼ ቆርጬ ስጨርስ በግራ እመልሳለሁ። በኢድ ጊዜ የሁለት እህትማማቾችን ገበር አለዋውጬ ነበር፤ በዚህኛው ሳምንት የተለዋወጠም የጠፋም አልነበረም። ጎረቤቴ ለመውሊድ የልጇን ልብስ ልትወስድ መጥታ ሦስት ሰዎች ቆመው ሲጠብቁ ብታይ «አብሽሪ፣ እኔ እቆያለሁ» አለችኝ፤ ከረጢቷን አንሥቼ ስሰጣት ገና ወንበር እንኳን አልሳበችም።

ግርጌው ተነፍቶም ቢሆን ጠረጴዛው አይንቀጠቀጥም፤ ለጊዜው በአራቱም ማዕዘን ሥር የጎማ ቁራጭ አስገብቼ ከሊሾው አላቅቄዋለሁ። ለአናጢው ደውዬ ያበጠውን ዐሥር ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በልኩ የብረት እግር እንዲገጥሙልኝ ተስማምተናል፤ ከብረቱ ጋር 2,800 ብር ብለውኛል። ከፍታው ከ90 እንዳያልፍም እንዳያንስም አደራ አልኳቸው። «ክርንሽን አልረሳሁትም» አሉኝ። መስቀል ካለፈ በኋላ ይመጣሉ።