እታባ ቤት፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ልጄን የማውልበት ማቆያ

ማቆያው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግራውንድ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። በሩ ላይ ታፔላ አለ። በታፔላው ስም የሚጠራው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ባለቤቷን ሁላችንም እታባ ስለምንላት ቤቱም «እታባ ቤት» ሆኖ ቀርቷል። ልጄን እዚያ ማዋል ከጀመርኩ ሰባት ወር አለፈኝ። ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም እየደወለ «እንዴት ነው? ይታመናል?» ይለኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ማቆያ ፍለጋ እንዴት እንደወጣሁ ልናገር። እሱን ካልሰማችሁ ቤቱን ለምን እንደወደድኩት አይገባችሁም።

ልጃችን በጉዲፈቻ ነው የመጣችልን። ፍርድ ቤት ውሉን አጽድቆልን፣ ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ ቀን ወደ ቤት ስናመጣት የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረች። እስከዚያ የቆየችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። እኔ ቃሊቲ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የውሳኔውን ኮፒ ከማመልከቻ ጋር ለሰው ኃይል ክፍል አስገባሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ግን ፈቃዱ የወሊድ ነው። አንቺ አልወለድሽም።»

ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ከፍቶት ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ አዋጁን አወጣና አሳየኝ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ደመወዟ ሳይቋረጥ ታርፋለች። በድሮው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ብቻ ነበር፤ መጨመሩ ትልቅ ነገር ነው። አባት 3 ተከታታይ ቀን አለው። ሁሉም ግን ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የታሰረ ነው። በጉዲፈቻ ልጅ ለሚቀበል ሰው የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ባለቤቴም መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ያንኑ መልስ ይዞ ተመለሰ።

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን በማናቸውም ነገር እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥራል። በማናቸውም ነገር! ፍርድ ቤት ቆመን የተቀበልነውም ይህንኑ ነው። በ2010 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አስቀረ። ልጆቻችን እዚሁ አገራቸው ይደጉ ተባለ። እሰየው፤ እኔም የማምንበት ነው። ግን እዚህ የሚያሳድጋቸው ማነው? እንደኛ ያለ ደመወዝተኛ ነው። ሰኞ ልጅ ተቀብሎ ማክሰኞ ጠዋት ፈርሞ ሥራ ግባ የሚባል ሰው ልጁን መቼ ይተዋወቃት? ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጓን አሻሽላ ልጅ በጉዲፈቻ ለሚረከብ ሠራተኛ የአንድ ወር ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥታለች። እኛም ዘንድ ቢሆን አዋጁ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው። ድርጅት ፈቃደኛ ከሆነ በኅብረት ስምምነት ወይም በራሱ የሥራ ደንብ የተሻለ መስጠት ይችላል። የእኔ ድርጅት አልሰጠም።

እጄ ላይ የነበረው የዓመት ፈቃድ ነው። አምስት ዓመት ስለሠራሁ 18 የሥራ ቀን ይደርሰኛል። በጀት የሚዘጋበት ወቅት እየመጣ ስለነበር 12ቱን ብቻ ፈቀዱልኝ። ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ የሚሰጠውን 5 ቀን ያለ ደመወዝ ጨመርኩበት። በቃ፣ ያለኝ ይኸው ነበር።

ልጅ ካልወለድሽ ምን ያሳርፍሻል የሚል ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ልጄ እንደመጣች ማንም ቢያቅፋት አትቸገርም ነበር። የጥበቃው ሠራተኛ ቢያነሳት እሺ፣ ገና ዛሬ ያየቻት ጎረቤት ብትወስዳት እሺ። «እንዴት ያለች ሰው የማትፈራ ልጅ ናት!» እያለ ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይኸው ነበር። ሰው ስላልፈራች አይደለም። የሷ የሚባል ሰው ስለሌላት ነው። ሞግዚት በፈረቃ ሲቀያየርባት አድጋ ማንን ከማን ትለይ? እናቷ እኔ መሆኔን እንድታውቅ የሚያስፈልጋት ቀን ነበር። ብዙ ቀን። ገላዋን የማጥበው፣ የማበላት፣ የማስተኛት፣ ሌሊት ስትነቃ የምነሳላት እኔው የሆንኩበት ቀን።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው ማቆያ ማየት የጀመርኩት። መጀመሪያ ያየሁት ቦታ ቀለም የተቀባ፣ ግድግዳው ሁሉ ፊደል የተሳለበት፣ ዓይን የሚስብ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ20 በላይ ልጅ ለሁለት ሞግዚት። «እናት ወደ ውስጥ አትገባም፤ በር ላይ ሰጥተሽን ትሄጃለሽ። ሦስት ቀን ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይለምዳሉ» አሉኝ። የእኔ ልጅ አንድ ቀንም እንደማታለቅስ አውቅ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

እታባ ቤት የደረስኩት በ17ኛው ቀን ነው። ልጅቷን አዝያለሁ። እታባ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ታሪኩን ሁሉ ሳትናገር ሰማችኝ። ከዚያ «ስንት ቀንሽ ነው?» አለችኝ። «ዘጠኝ ወር አልፏታል» አልኳት። «እሷን አይደለም። አንቺን ነው። እናት ከሆንሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሥራ ሰባት አልኳት። «እንግዲያው አራስ ነሽ» ብላ ከጓዳ ትኩስ አጥሚት በኩባያ ይዛልኝ መጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚባል ግራ ገብቶት ነው። እሷ አለችኝ። አጥሚቱን እያለቀስኩ ጠጣሁት።

የዚህ ቤት ትልቁ ነገር ደንቡ ነው። እናት ወይም አባት መጀመሪያ አምስት ቀን አብረው ይቀመጣሉ። ያለ ደመወዝ የወሰድኩትን ፈቃድ የጨረስኩት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ አብረን ተቀምጠን ወጣን። በሁለተኛው ምሳዋን እዚያው አበላኋት። በሦስተኛው «መጣሁ» ብያት ኮሪደር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ። እታባ ተደብቀሽ አትውጪ ትላለች፤ ተናግረሽ ውጪ፣ ተናግረሽ ተመለሺ። ልጄን የምታበላትም የምታስተኛትም አንዷ ሞግዚት ብቻ እንድትሆን አደረገች። ይህን ከማንም ተምራው እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሦስቱ የራሴ፣ ሁለቱ የእህቴ ነው ያለችኝ።

አሁን ቤቱ ውስጥ 13 ልጅ አለ። እሷን ጨምሮ ሦስት ሆነው ይይዟቸዋል። ሳሎኑ ውስጥ ስፖንጅ ተነጥፏል። አንደኛው መኝታ ቤት መተኛ ነው፤ ሌላኛው ገና ላልዳሁት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እዚያው ባለ ቧንቧ ባልዲና ሳሙና አለ፤ እጁን ሳይታጠብ ማንም አይገባም፣ አባትም ቢሆን። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሮቶ አስገብታለች፣ ጀሪካንም አይጎድላትም። የፈላ ውኃ በየልጁ ፔርሙስ ይቀመጣል። ፔርሙሱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል። ጡጦውም እንደዚያው።

ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር አለው። ስንት ሰዓት ተኛች፣ ምን ያህል በላች፣ ዳይፐር ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ አተኮሳት ወይ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና መዝገብ በሥርዓት ሲያዝ ደስ ይለኛል። ልጄ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንደሚረብሻት ያወቅነው ከዚያ ደብተር ነው።

ምግብ ከቤት ነው የሚመጣው። እኔ የአጃ ገንፎና ድንች በካሮት እልካለሁ። ገና የሦስት ወር ልጇን የምታውል አንዲት እናት ደግሞ የታለበ ጡቷን ትልካለች። የጤና ባለሙያዎች እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላሉ፣ የወሊድ ፈቃዱ ግን በሦስተኛው ወር ያልቃል። ያችን እናት ጠዋት ጠዋት ዕቃዋን ይዛ ስትሮጥ አያታለሁ። እታባ ወተቱን ከፍሪጅ አውጥታ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁማ ነው የምታሞቀው። መብራት ከጠፋ ወዲያው ትደውልላታለች።

ዋጋው ስጀምር በወር 3,500 ብር ነበር። ከመስከረም ጀምሮ 4,200 ሆኗል። ጭማሪውን የነገረችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ይሄ አልተመቸኝም፤ ደመወዝተኛ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መስማት አለበት። ደረሰኝም የለም፤ ደብተር ላይ ትፈርማለች፣ እኛም እንፈርማለን። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ወጪውን ሊጋራ ቢፈልግ እንኳ ያለ ደረሰኝ አይሆንም። ለራሷም ነግሬያታለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ቴሌቪዥኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል፤ ትልልቆቹ ልጆች ፊቱ ተገትረው ይቀራሉ። ደጋግሜ ተናገርኩ። አሁን ወደ አንድ ሰዓት ዝቅ ብሏል። ውጭ መጫወቻም የለም። ብሎኮቹ መሐል ያለው ግቢ በመኪና ተሞልቷል፤ ልጆቹን ፀሐይ የሚያሞቋቸው እዚያው መኪና መሐል ነው። አንድ ሞግዚት በር በር ላይ ትቆማለች፣ ቢሆንም አልወደውም። ክረምት ላይ ደግሞ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ልጅ አዝላችሁ ከሆነ ቦቲ ያስፈልጋችኋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ ላመሸ በግማሽ ሰዓት 50 ብር ይከፈላል። እኔ ከሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ከሩብ ስለሆነ ታክሲ ከተገኘ እደርሳለሁ። አንድ ቀን ግን ከባድ መኪና መንገድ ላይ ተገልብጦ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሁሉ ነገር ቆመ። ስልኬም ዘግቶ ነበር። የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ እየሮጥኩ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። እታባ ልጄን በአንቀልባ አዝላ ለራሷ ቤት ሽሮ ታማስላለች። የማምሸቻውን ብር ብሰጣት እጄን መለሰችው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እንደ ሁልጊዜው ለሞግዚቷ ሰጥቼያት «ማታ እመጣለሁ» ብዬ ዞርኩ። ልጄ ነጠላዬን ያዘች። አለቀቀችም። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደና ጮኻ አለቀሰች። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። እታባ ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጣች፣ አየችን፣ «አወቀችሽ!» ብላ እልል አለች። ሌሎቹ እናቶች ምን ተፈጠረ ብለው ዞሩ። ያን ቀን ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።

ልጃቸውን እዚህ ለማዋል ለምታስቡ፦ አሁን ቦታ ሞልቷል፣ ስም ግን ታስመዘግባለች። የክትባት ካርድ ኮፒ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ፔርሙስና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አምስቱ አብሮ የመቀመጫ ቀናት ግዴታ ናቸው። ስለዚህ ከዓመት ፈቃዳችሁ አምስት ቀን አስቀድማችሁ ያዙ፤ በተለይ እንደኔ ሌላ ፈቃድ የሌላችሁ።