የዘይት ቀለም ሥዕል ለመማር፦ ቅጂ መሥራት ወይስ ከእውነተኛ ዕቃ መሣል?

የዘይት ቀለም ጀማሪ፣ የሰው ምስልና የጠረጴዛ ዕቃዎች ያሉበትን የሌላ ሠዓሊ ሥዕል ቀለል አድርጎ ይቅዳ ወይስ ዕቃዎችን ከፊቱ ደርድሮ ይሣል?

በመቅዳት ጊዜ የአቀማመጡንና የብርሃኑን አቅጣጫ የመጀመሪያው ሠዓሊ ስለወሰነው፣ ተማሪው ሙሉ ትኩረቱን ለቀለም ቅልቅልና ለብሩሽ አያያዝ ይሰጣል። በሥዕሉ ያለውን የሰው ፊት በብርሃን፣ በመካከለኛና በጥላ ብቻ ከፍሎ፣ ተርፐንታይን በሚባል ማቅጠኛ በቀጠነ ቡናማ ቀለም ከነደፈ በኋላ ዘይት የበዛበትን ቀለም በላዩ ቢደርብ፣ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ቀለሙ ለመድረቅ ቀናት ስለሚወስድ የማይለወጥ ምንጭ መያዝ ትልቅ እፎይታ ነው። አደጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የታተመ ምስል ቀለሙን ያዛባል፣ የብሩሹን አሻራ ያደበዝዛል፣ ተማሪውም የጥላውን ቅርጽ እንጂ ምክንያቱን ላይረዳ ይችላል።

ከእውነተኛ ዕቃ ለመሣል አንድ ማሰሮና አንድ ፍሬ ይበቃሉ። የመስኮት ብርሃን ይዞራል፣ ፍሬውም ይጠወልጋል፤ ሆኖም ከነጭ ጨርቅ ተመልሶ የማሰሮውን ሆድ ከጥላው ውስጥ የሚያወጣውን ደብዛዛ ብርሃን የትኛውም ቅጂ በዚያ ግልጽነት እንደማያሳይ አምናለሁ።

በቁርጥራጭ ሰዓት ለሚሠራና ቀለሙን ገና ላልተላመደ መቅዳቱ ይስማማዋል። ቋሚ ብርሃን ያለውና ቅልቅሉን የለመደ ሰው ወደ ዕቃዎቹ ቢያልፍ ይሻለዋል፤ የሰው ፊት ለመሣል ግን ሰዓታት የሚቀመጥለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ቅጂውን ባይተው መልካም ነው።