ከውሻችሁ ጋር የቤተሰብ ፎቶ፦ ስቱዲዮ ወይስ ግቢ?

የስቱዲዮ መብራት ያምራል። የምትነሱት ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ ብዙም አያከራክርም። ውሻ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍላሹ ቦግ ሲል ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ይወሽቃል። ፍላሹ ለሌንሱ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይኑ ክፍል) ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለውና።

እኔ ግቢን እመርጣለሁ። ውሻው ቤቱ ስለሆነ አይደነግጥም። ጠዋት ወይም ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይዋ ለስለስ ስትል ፎቶ ተነሱ። ሁላችሁም ቁጭ በሉ፤ ካሜራውም በውሻው ዓይን ልክ ዝቅ ይበል። ከላይ ከተነሳ ጀርባና ጆሮ ብቻ ነው የሚታየው። የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) 1/500 ሰከንድ አድርጉና በተከታታይ አንሱ። አንድ ሰው ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ቁራሽ ሥጋ ያሳየው። ልጆቹ አንገቱን አንቀው እንዳይዙት አደራ! ከጎኑ ይቀመጡ። ውሻው ጥቁር ሆኖ በስልክ የምታነሱት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ጨመር አድርጉ።

ስቱዲዮ የሚሻለው በሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነው። ያኔም ፍላሽ ሳይሆን ቋሚ መብራት እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።