ላው ፓ ሳት፦ ሳታይ የሚወድ አይለፈው

ሲንጋፖር ሄዳችሁ ገበያ ማዕከል ለገበያ ማዕከል ብቻ አትዙሩ፣ ላው ፓ ሳት የሚባለው የምግብ አዳራሽም ግቡ። ህንጻው ራሱ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1894 የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን የብረት አዳራሽ ነው፤ ብረቱ ግላስጎው ተሠርቶ በመርከብ የመጣ፣ 1986 ላይ ደግሞ ከሥሩ የባቡር መስመር ሲቆፈር ተፈታትቶ በኋላ መልሶ የተገጠመ። ዙሪያውን ሰማይ ጠቀስ ባንኮች ከበውታል።

ምሽት ላይ ቡን ታት ጎዳና ለመኪና ይዘጋና ጠረጴዛ ይደረደራል። ሳታይ እዘዙ። በቀጭን እንጨት የተሰካ ዶሮ፣ በግ ወይ በሬ ነው። ከሰል ላይ ጠርዙ ጠቆር እስኪል ይጠበስና ከጥሬ ሽንኩርት፣ ከኪያርና ከወፍራም የለውዝ ስጎ ጋር ይመጣል። ስጎው ጣፈጥ ይላል፤ ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል።

ጠረጴዛ ላይ ሶፍት ካያችሁ እንዳትቀመጡ፣ ተይዟል ማለት ነው። ማንም አይነካውም! ስትጨርሱ ትሪውን መልሱ፤ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከደገማችሁ 300 የሲንጋፖር ዶላር ቅጣት።

ዋጋው ከሰፈር ምግብ ማዕከሎች ወደድ ይላል፣ ሙቀቱም አይጣል ነው። ርካሽ የፈለገ ማክስዌል የሚባለው የምግብ ማዕከል ይሂድ፤ የሃይናን የዶሮ ሩዝ እዚያ አለ።