ፎቶን ሻርፕ ለማድረግ የቱን እንያዝ? የፍላሹ ፎቶሾፕ፣ ላይትሩም ወይስ ነጻዎቹ

ደብረ ብርሃን ስቱዲዮ ከከፈተው ጀምሮ መሐል ሜዳ ድረስ ሄዶ ሠርግ እስከሚያነሳው የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ሲታተም ይደበዝዛል፣ የቱን ፕሮግራም ልግዛ?» መልሱ ከወዲሁ ይነገር። ካሜራችሁ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፎቶ) የሚያወጣ ከሆነ ሮውቴራፒና ጊምፕ ይበቋችኋል፤ ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ ናቸው። ላይትሩም ጥሩ ነው፣ ግን በሳምንት ብዙ ሠርግ ለሚሠራ ሰው ነው። በፍላሽ የሚሸጠውን ክራክ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ) ፎቶሾፕ ግን በምንም ዋጋ አትግዙ።

ሂሳቡን በብር እንየው። ፎቶሾፕና ላይትሩም አንድ ላይ ያሉበት የአዶቤ የፎቶግራፍ ጥቅል በወር 19.99 ዶላር፣ በዓመት 239.88 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ምንዛሪ ይህ 13,700 ብር ግድም ይመጣል። ዶላሩን በ150 ብር ብታስቡት ግን 35,982 ብር ነው፤ በወር ወደ 3,000 ብር። ይህም በዶላር የሚከፍል ካርድ ካላችሁ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ፎቶዎቻችሁ አይጠፉም፣ የላይትሩም የማስተካከያ ክፍል ግን ይቆለፋል። ሮውቴራፒ፣ ጊምፕና ሌላው ነጻ የሮው ፕሮግራም ዳርክቴብል ሦስቱም ተደምረው ለማውረድ አንድ ጊጋባይት አይሞሉም፤ ወጪው የኢንተርኔት ጥቅሉ ብቻ ነው።

ጥቂት መቶ ብር ተከፍሎ የሚጫነው ክራክ ርካሽ ይመስላል። ሲጫን የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው፤ ኪሳራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ፎልደሮች ጠፍተው በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ይቀራል፣ ፎቶ ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ፍላሹ ላይ ቫይረስ ይዞ ይሄዳል፣ ሲብስ ደግሞ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎ ገንዘብ ይጠየቅበታል። ፎልደር ጠፍቶ ሾርትከት ካያችሁ ፎርማት ለማስደረግ አትሩጡ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉ፤ በፎልደር ኦፕሽንስ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን ከሚደብቀው መስመር ላይ ምልክቱን አንሱ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ እዚያው ተደብቀው ይገኛሉ። መጀመሪያ እነሱን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የደንበኛ ሠርግ ድጋሚ አይነሳም። ብዙዎች ክራኩን የሚፈልጉባቸው እንደ ጀነሬቲቭ ፊል ያሉ አዳዲስ የኤአይ መሣሪያዎችም ከአዶቤ ሰርቨር ጋር ካልተገናኙ አይሠሩም።

ሮውቴራፒን የምናስቀድመው ከ5.8 ቅጂ (እ.ኤ.አ. 2020) ጀምሮ ባለው ካፕቸር ሻርፕኒንግ ምክንያት ነው። ሮው በሚለው ታብ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሌንሱና ሴንሰሩ ያለሰለሱትን ዝርዝር ከፋይሉ አስልቶ ይመልሳል፤ ሬዲየሱንም (ሻርፑ ከጠርዙ ምን ያህል እንደሚሰፋ) ትሬሽሆልዱንም (ከምን ያህል የብርሃን ልዩነት ጀምሮ እንደሚሠራ) ራሱ ይመርጣል፣ የእናንተ ድርሻ ምልክት ማድረግ ነው። የርካሽ ሌንስ ጥጋጥግ ደብዘዝ ካለ ኮርነር ቡስት የሚለውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ጄፔግ ላይ አይሠራም። አንድ ችግርም አለው፤ ኖይዝ (ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ላይ የሚወጣው ነቁጣ) ከመቀነሱ በፊት ስለሚሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በ6400 አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) የተነሳ ፎቶ ላይ ኖይዙን አብሮ ያጎላዋል። እዚያ ላይ ኮንትራስት ትሬሽሆልዱን ጨምሩ፣ ካልሆነም አጥፉት። አንዱን ፎቶ አስተካክላችሁ ፕሮፋይሉን (የማስተካከያውን ልክ) ኮፒ በማድረግ 300ው ላይ መለጠፍና ወደ ወረፋ መላክ ይቻላል። መብራት ቢጠፋም ወረፋው ተመዝግቦ ይቆያል፤ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ከቀረው መቀጠል ትችላላችሁ።

ዳርክቴብልም ጎበዝ ነው፤ ዲፊውዝ ኦር ሻርፕን የሚባለው ሞጁሉ ግን ግራፊክስ ካርድ የሌለውን ላፕቶፕ ያስጨንቀዋል፤ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል።

የኅትመቱ ሥራ የጊምፕ ነው። ሥርዓቱ አይዛነፍ፤ መጀመሪያ ኖይዝ፣ ቀጥሎ መጠን፣ በመጨረሻ ሻርፕ። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ፎቶው 1772 በ1181 ፒክስል ይሁን፤ ለ30 በ40 ደግሞ 4724 በ3543። በ6000 በ4000 ላይ ሻርፕ ተደርጎ ከዚያ የተቀነሰ ፎቶ የሻርፑን ውጤት አብሮ ያጣል፤ «ሲታተም ይደበዝዛል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። ከዚያ ሌየሩን (ፎቶው ያለበትን ንጣፍ) ደግሙና ፊልተርስ፣ ኢንሀንስ፣ ሻርፕን ውስጥ ግቡ። ለሚያብለጨልጭ ወረቀት 10 በ15፦ ሬዲየስ 0.8፣ አማውንት (የሻርፑ ብርታት) 0.6፣ ትሬሽሆልድ 0.02። ለማት (ለማያብለጨልጭ) ወረቀት 30 በ40፦ ሬዲየስ 1.5፣ አማውንት 0.9። ማትና ካንቫስ ቀለሙን ስለሚጠጡ ስክሪን ላይ ትንሽ የበዛ መምሰል አለበት። ከፎቶሾፕ የመጣ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ የፎቶሾፕ 80 ፐርሰንት ጊምፕ ላይ 0.8 ነው። 80 ብላችሁ ከጻፋችሁ ፕሮግራሙ ይቀበላል፣ ፎቶው ግን ይበላሻል።

የኛን አገር ፎቶ የሚያጋልጠው ጋቢ ነው። ነጩ ጋቢ ጠይም አንገት ላይ የሚያርፍበትን መስመር በ100 ፐርሰንት ዙም ተመልከቱ። ፊልተሩ ነጩን ይበልጥ ያነጣል፣ ጥቁሩን ይበልጥ ያጠቁራል። ጋቢው ቀድሞውንም ለነጭ ጫፍ የቀረበ ስለሆነ ፈትሉ ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ አንገቱ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የተሰመረ የመሰለ ጥቁር መስመር ይወጣል። መፍትሔው ሻርፕ የሆነውን ሌየር ሁለት ማድረግ ነው፤ አንዱን ዳርክን ኦንሊ በሚለው ሞድ በ70 ኦፓሲቲ (የሌየሩ ጉልህነት)፣ ሌላውን ላይትን ኦንሊ በሚለው በ30። የነጠላው ጥለት ዳር ላይ የሌለ ቀለም ብቅ ካለ ሞዱን ሉሚናንስ አድርጉት። የመንዝ በርኖስ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ጥቁር ሱፍ ሆኖ ብርሃን ካነሰው ሻርፑ የሚያወጣው ሱፉን ሳይሆን ኖይዙን ነው፤ ትሬሽሆልዱን 0.04 ድረስ ከፍ አድርጉ። ጓሳ ላይ በጥሩ ብርሃን ለተነሳ የጭላዳ ጎፈር ደግሞ ሬዲየስ 0.6፣ ትሬሽሆልድ ዜሮ።

ላይትሩም ብልጫው ፍጥነቱና ማስኪንግ የምትለዋ መጎተቻ ናት። አልት ተጭናችሁ ስትጎትቷት ነጭ ሆኖ የሚታየው ብቻ ሻርፕ ይሆናል፤ ለፊት 70 አካባቢ ብታደርጉ ቆዳው ሳይሻክር ዐይንና ቅንድቡ ይጠራል። ኤክስፖርት ሲደረግም ለስክሪን፣ ለማት ወይም ለግሎሲ ወረቀት ራሱ ሻርፕ ያደርጋል። ለዚህ በወር 3,000 ብር የሚከፍል ሥራ ካላችሁ ያዙት።

ቶፓዝ የሚባለው ፕሮግራም በኤአይ የደበዘዘውን ያድናል ይባላል፤ አንዳንዴም ያድናል። ግን የሌለ ሽፋሽፍት ይሥላል፣ በርቀት ያለውን ሰው ፊት ይቀይራል። ለመታወቂያ ፎቶ አይሆንም። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። በስልክ ለሚሠራ ስናፕሲድ ነጻ ነው፤ ዲቴልስ ውስጥ ሻርፕኒንግን 20 አድርጉ፣ ስትራክቸርን ግን ፊት ላይ አትንኩ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል።

እጅ ተንቀጥቅጦ የተነሳውን ከነጻዎቹ አንዱም አያድነውም። ጣርማ በር ላይ በጉም፣ አንኮበር ላይ ወደ ቆላው በሚታየው ጭጋግ የገረጣም ሻርፕ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ኮንትራስት ነው፤ ሮውቴራፒ ውስጥ ሄዝ ሪሙቫልን ሞክሩ።

ትልቁን ፍሬም ከማሳተማችሁ በፊት ከዚያው ፎቶ ፊቱና ጋቢው ያሉበትን ክፍል ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ቆርጣችሁ አንድ 10 በ15 ላይ አራት ጊዜ ደርድሩ፤ አማውንቱን 0.5፣ 0.8፣ 1.2፣ 1.6 አድርጉና ሁልጊዜ በምታሳትሙበት ቤት፣ በዚያው ወረቀት አሳትሙት። በክንድ ርቀት ይዛችሁ በቀን ብርሃን ተመልከቱት። ነጭ ጠርዝ ከታየበት ቁጥር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የዚያ ወረቀት ልክ ነው፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፉት።