ፕላምፒ ነት፦ በጎጃም ጤና ኬላ ስትታይ

ፕላምፒ ነት በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት የምትሰጥ፣ ተዘጋጅታ የታሸገች ማገገሚያ ምግብ ናት። 92 ግራሟ ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ትይዛለች፤ የለውዝ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን። ትልቁ ብልጫዋ መበጥበጫ ውሃ አለመፈለጓ ነው። በወንዝ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ተቅማጥ ያመጣል፤ ይህች ግን ጫፏ ተቀዶ እንዳለች ትበላለች።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ፣ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴ.ሜ ያነሰ ሕፃን ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ግን እዚያው ቀምሶ የምግብ ፍላጎቱ ይታይ። እምቢ ካለ ተኝቶ መታከም አለበት። ለሚጠባ ጡት ይቅደም፤ ንጹሕ የሚጠጣ ውሃም አይለየው።

የሚያከሽፋት መካፈል ነው፤ ታላላቆቹ ሲቃመሷት የታመመው ኪሎ አይጨምርም። እናቲቱ አትወቀስ፣ ቤቱ ሁሉ ርቦት ነው።

ለአንድ ሕፃን 150 ከረጢት የያዘ አንድ ካርቶን ገደማ ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ ጭቃው መኪና ሲያግድ ካለቀ ሕክምናው ይቋረጣል፤ በጀቱም ጭነቱም ግንቦት ሳያልቅ ይድረስ።